ዳታ ሲጠፋ ያገኘነውን ልብ ዳታ ሲበራ ለምን ጣልነው?



ውድ ወንድሞችና እህቶች! ዛሬ የምንጽፈው ስለ ሩቅ ሰው አይደለም። ስለ ራሳችን ነው፤ ስለ እኛ፣ ስለ የጁቤ፣ ስለ ቢቸናና ስለ ሞጣ ወጣቶች። ጽሑፉ ረዘም ይላል። እስከ መጨረሻው ታግሳችሁ አንብቡት። መታገሥ ካቃታችሁ ደግሞ የምናወራው ስለዚያው በሽታ ነውና ምልክቱን ልብ በሉ።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። በ2015 ከየካቲት ወር ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቱብ በሀገሪቱ ታግደው ነበር። እገዳው የተነሣው ከአምስት ወር በኋላ፣ ሐምሌ ላይ ነው። ደስታችንን ሳናጣጥም በዚያው ወር መጨረሻ፣ በክልላችን ግጭቱ ሲበረታ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ጭራሹን ተቋረጠ። ስልካችን ለወራት ሰዓት ማያና መብራት ሲጠፋ ባትሪ ሆኖ ከረመ።

አንድ ነገር በግልጽ እናስቀምጥ። ያ መቋረጥ ጥሩ ነበር አንልም፤ የሚልም ካለ አንሰማውም። ጂዳና ዱባይ ያለች ልጁን በኢሞ ያገኝ የነበረ ቤተሰብ ድምጿን ናፍቆ ከርሟል። ነጋዴው ዕቃ የሚያዝበትን፣ ተማሪው የሚማርበትን መንገድ አጥቷል። ዘመዱ በሰላም ማደሩን ሳያውቅ ያነጋ ሰው በመካከላችን ሞልቷል። ያንን ጊዜ የሚመኝ ጤነኛ ሰው የለም።

ግን በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሐል አንድ ነገር አስተዋልን። ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለችው ጊዜ ረዘመችልን። ድሮ ዐይናችንን ጨፍነን ስንገልጥ የምታልፈው ያቺ ጊዜ ቁርኣን የሚቀራባት፣ ኪታብ የሚገለጥባት፣ ከጓደኛ ጋር የልብ የሚወራባት ሆነች። ሒፍዙን ጁዝ ዐምማ ላይ ያቆመው ወንድማችን ካቆመበት ቀጠለ። እናቶቻችን ሲያወሩን ዐይናቸውን እያየን መስማት ጀመርን። ሶላት ላይ ቆመን የት እንዳለን የምናውቅበት ረከዓ በዛ። «ልቤ ተመለሰ» ያለ ሰው ነበር። ልብ የምትመለስ ከሆነ ሄዳ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ዳታው ተመለሰ። በአንዳንድ ከተሞች ቀድሞ፣ በሌሎች ዘግይቶ፤ ብቻ ተመለሰ። እኛስ? የሒፍዙ ልጅ እንደገና ቆመ። ከዒሻ በኋላ ጫማ እያደረግን ስልክ የምናበራ ሰዎች ሆንን። የእናታችንን ወሬ «እ... እ...» እያልን የምንሰማ ሰዎች ሆንን። በወራት የተሠራው ነገር በሳምንት ፈረሰ።

ለምን? መልሱ አጭር ነው። ያ ትዕግሥት የእኛ አልነበረም። የሚበላ አጥቶ የዋለ ሰው ጾመኛ አይባልም። ጾም ማለት ምግቡ ቤት ውስጥ እያለ፣ ነይቶ መተው ነው። እኛ ስልኩን አልተውነውም፤ ስልኩ ነው የተወን። ስለዚህ ሲመለስ እጃችንን ዘርግተን ተቀበልነው። ዛሬ የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ሰው ሲቆርጥልን ያየነውን ጸጥታ አሁን ራሳችን በኒያ እንድንቆርጠው ነው።

«እኛ ሱሰኛ አይደለንም» ለሚለን ወንድም አንድ ነገር እናስታውሰው። በዚያ የአምስት ወር እገዳ ምን አደረግን? ቪፒኤን አወረድን። አንዱ ሲዘጋ ሌላ ፈለግን። አንድ ቪዲዮ እስኪከፍት አሥር ደቂቃ ጠበቅን። ባትሪያችን በግማሽ ቀን አለቀ፤ ፓኬጃችን ነደደ፤ እኛ ግን አልሰለቸንም። ያንን ትዕግሥት ለዐረብኛ ሰዋስው ብናውለው ዛሬ ነሕው እናስተምር ነበር። ትዕግሥት የለንም አትበሉን። ትዕግሥት አለን፤ የት እንዳዋልነው ነው ጥያቄው።

የአካባቢያችንን ታሪክ እናንሣ። በ19ኛው መቶ ዘመን የባሶ ገበያ የታወቀ ገበያ ነበር። ከጅማና ከእናርያ የመጣው ሲራራ ነጋዴ አባይን ተሻግሮ ቡናውን፣ ወርቁን፣ የዝሆን ጥርሱንና ዝባዱን ይዞ እዚህ ይደርሳል። ከዚህም ንግዱ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደርም እስከ ምጽዋ ይዘልቃል። ከእነዚያ ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ያ ገበያ ሰው ጭምር የሚሸጥበት ክፉ ገጽ እንደነበረው አንደብቅም። ወደ ነገራችን ስንመለስ ግን፣ ያ ነጋዴ አንድ ነገር ያውቅ ነበር፤ የሚሰጠውንና የሚቀበለውን። ወርቁን ሳይመዝን፣ አሞሌውን አገላብጦ ሳያይ እጁን አይዘረጋም።

እኛ በዚያው ምድር የበቀልን ልጆች በየቀኑ ገበያ እንወጣለን። የምንሸጠው ዕድሜያችንን ነው። ሚዛን የለንም፤ ዋጋ አንጠይቅም፤ ማን እንደገዛንም አናውቅም። በነጻ ነው ይሉናል። ገበያ ላይ ነጻ ነው ሲባል አባቶቻችን ይጠራጠሩ ነበር። የአብዛኞቹ እነዚህ ድርጅቶች ዋና ገቢ ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያ የሚሸጠው ደግሞ እኛ ስክሪኑ ላይ በቆየንበት ደቂቃ ልክ ነው። ዕቃው እኛ ነን።

ይህ የእኛ ግምት ብቻ አይደለም። ገጹ ማለቂያ እንዳይኖረው፣ ጣት በገፋችው ቁጥር አዲስ ነገር እንዲመጣ የሚያደርገውን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2006 የነደፈው አዛ ራስኪን የተባለ ባለሙያ ነው። በኋላ በሠራው ሥራ መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። የፌስቡክ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሾን ፓርከር እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳመነው፣ ገና ሲጀምሩ ያስጨነቃቸው ጥያቄ የሰውን ጊዜና ትኩረት የቻሉትን ያህል እንዴት እንደሚወስዱ ነበር። መጽሐፍ ምዕራፉ ሲያልቅ ያቆማል። ሻይ ብርጭቆው ሲያልቅ ያቆማል። ይህ ግን አያልቅም፤ እንዳያልቅ ነው የተሠራው። ቀጥሎ የሚመጣው ቪዲዮ ጥሩ ይሁን መጥፎ አናውቅም፤ አለማወቃችን ነው ጣታችንን የሚያንቀሳቅሰው። ቁማርተኛውን ከወንበሩ የሚያስረውም ይኸው ነው። ቁማር ሐራም መሆኑን እናውቃለን፤ የቁማርን ጠባይ ግን ኪሳችን ውስጥ ይዘን እንዞራለን።

በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ግሎሪያ ማርክ ሰዎች አንድ ስክሪን ላይ ሳይቀይሩ ምን ያህል እንደሚቆዩ ለዓመታት ለክታለች። እ.ኤ.አ. በ2004 በአማካይ ሁለት ደቂቃ ተኩል ነበር። በቅርብ ዓመታት ወደ 47 ሴኮንድ ወርዷል። አሁን ራሳችንን እንጠይቅ። በ47 ሴኮንድ የሠለጠነ ልብ ይዘን ረጅም ሱራ የሚቀራ ኢማም ኋላ ስንቆም ምን እንሆናለን? ኹሹዕ ጠፋብን እያልን ኡስታዝ እናስቸግራለን። ኹሹዕ በተክቢራ አይጀምርም። ከተክቢራው በፊት በዋልንበት ውሎ ነው የሚጀምረው።

እዚህ ላይ ሰበቦች ይመጣሉ። አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው ሰበብ፦ «እኔ የምከታተለው ዳዕዋ ነው»

ማሻአላህ። ስልክ ላይ ጥሩ ትምህርት አለ፤ እኛም ይህንን የምንጽፈው እዚያው ላይ ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር። ዳዕዋ ልንሰማ ገብተን በስንተኛው ደቂቃ ነው ኳስ፣ ቀልድ፣ የሰው ጸብና የሰው ገላ ላይ የምንገኘው? ደግሞስ የአንድ ደቂቃ ዳዕዋ መቶ ጊዜ መስማት ዕውቀት ነው ወይ? የወሎ ዳናና ጌታ ድረስ በእግሩ የሄደ ደረሳ አንድ ኪታብ ይዞ ወራት ይቀመጥ ነበር። ሸይኹ ያነባል፣ እሱ ይሰማል፣ ይመልሳል፣ ይሳሳታል፣ ይታረማል። እኛ በአንድ ማታ የአርባ ዳዒ ቁራጭ ንግግር እንሰማለን፤ ጧት አንዱን እንኳ መድገም አንችልም። አለቀስን፣ ላይክ አደረግን፣ አለፍን። ስሜት ሆነ እንጂ ዒልም አልሆነም። ይባስ ብሎም የተማርን ይመስለናል፤ የጠገበ የሚመስለው ረኃብተኛ ደግሞ ምግብ አይፈልግም።

ሁለተኛው ሰበብ፦ «የኡማውን ጉዳይ መከታተል አለብኝ»

ይህ ቀላል ሰበብ አይደለም፤ በተለይ ለእኛ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ሞጣ ውስጥ መስጊዶች ሲቃጠሉና የሙስሊሞች ሱቆች ሲዘረፉ ስልክ ባይኖር ኖሮ ብዙው ሰው በጊዜው አይሰማም ነበር። ወሬው ሀገር አዳረሰ፤ ድርጊቱን ያወገዘው ሰው ሃይማኖት አልለየም፤ ከሀገር ውስጥም ከውጭም ለመልሶ ግንባታው ገንዘብ ተሰበሰበ። ስልኩ ያን ጊዜ ጠቅሞናል፤ አንክድም።

ግን ልብ በሉ። የጠቀመው ያየው ሰው ተነሥቶ አንድ ነገር ስላደረገ ነው። ገንዘብ ሰጠ፣ ድምፁን አሰማ፣ ጎረቤቱን ጠየቀ። ያንኑ የእሳት ምስል ሃምሳ ጊዜ አይቶ፣ ኮሜንት ላይ ተሰዳድቦ፣ ደሙ ፈልቶ የተኛው ሰው ለመስጊዱ አንድ ድንጋይ አላቀበለም። ጎረቤቱን ግን በጥርጣሬ እያየ ተነሣ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሰማውን ሁሉ ማውራት ሰውን ውሸታም ለመሆን እንደሚበቃው አስተምረውናል። ዛሬ የሰማነውን ሁሉ ለማውራት አንድ ቁልፍ ይበቃል። በእኛ አካባቢ አንድ ያልተጣራ ወሬ ቤት ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ሚዛኑ ይህ ይሁን፦ ዜናው ዛሬ በእጄ የማደርገው ነገር አለው ወይ? ካለው እናድርግ። ከሌለው ዱዓ አድርገን እንዝጋ። ቀኑን ሙሉ መናደድ ኡማውን መርዳት አይደለም።

ሦስተኛው ሰበብ፦ «ምን እንሥራ? ሥራ የለም፤ መውጫ የለም»

ይህኛውን ስንመልስ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው። ግጭቱ መንገድ ዘግቷል፤ ንግድ ቀዝቅዟል፤ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ዓመታት ባክነውባቸዋል። በጊዜ ቤት ገብቶ በር ዘግቶ ለሚያመሽ ወጣት ስልኩ ብቸኛ መስኮቱ ነው። አንፈርድበትም።

ግን ወንድማችን፣ እህታችን! ችግሩ ሲበዛ ነው ልብ የሚያስፈልገው። በ2015 ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በሀገር ደረጃ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 5.4 በመቶ ሆኑ። ይህንን ውጤት በስልክ አናሳብብም፤ የመምህሩ፣ የመጽሐፉ፣ የሰላሙ ጉዳይ አለበት። ነገር ግን አስተማሪ የጎደለው፣ መጽሐፍ የጎደለው፣ ሰላም የጎደለው ተማሪ በእጁ የቀረችው አንዲት ንብረት ትኩረቱ ናት። ሀብታም ልጅ ትኩረቱን ቢያባክን አባቱ አስጠኚ ይቀጥርለታል። የደሃ ልጅ ትኩረቱን ካባከነ ምን ይቀረዋል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉ የለ? በስልኩ ውስጥ የሚታየው የሰው መኪናና የሰው ፎቅ የቆጡ ነው። የብብታችን ልባችን ናት።

አራተኛው ሰበብ የእኛ አይደለም፤ የአንዳንድ ታላላቆቻችን ነው፦ «ስልክ ፊትና ነው፤ ጣሉት»

አባቶቻችን ምክራችሁን በአክብሮት እንሰማለን። ግን ጣሉት ብሎ መፍትሔ የለም። ዛሬ ገንዘብ የሚላከው፣ ለሥራ የሚመዘገበው፣ ሩቅ ያለ ዘመድ የሚጠየቀው በስልክ ነው። የጣለው ልጅ በሳምንቱ ተበድሮ ይገዛዋል። ሐራም ብለን ስንጮህበት ልጁ ተደብቆ ያየዋል እንጂ አይተወውም። እኛ የምንለው አስቀምጡት ነው። ቢላዋም ቤት ውስጥ አለ፤ ግን ይዘነው አንተኛም።

ከሰበቡ ወደ ሒሳቡ እንምጣ። በቀን አራት ሰዓት ስልክ ላይ የሚያጠፋ ሰው በዓመት 1,460 ሰዓት ያጠፋል። ይህ ሌትና ቀኑ ተደምሮ 60 ቀን ያልፋል፤ ሁለት ወር ሙሉ፣ ሳይተኙ ማለት ነው። በብዙ ቤት ያለው የመዲና ሙስሐፍ 604 ገጽ ነው። በቀን አንድ ገጽ የያዘ ልጅ በአንድ ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ይጨርሰዋል። ለዚያች አንድ ገጽ አራት ሰዓት አያስፈልጋትም። አላህ በጊዜ የማለባትን ሱረቱል ዐስርን ሁላችንም በቃል እናውቃታለን፤ አጭር ስለሆነች ሶላት ላይ እናዘወትራታለን። የምታወራው ግን ስለ ኪሳራ መሆኑን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ብዙ ሰው የሚከስርባቸው ሁለት ጸጋዎች ጤናና ትርፍ ጊዜ መሆናቸውን ነግረውናል። የቂያማ ቀን ዕድሜያችንን በምን እንደጨረስን እንጠየቃለን። «ስክሮል ሳደርግ ነበር» ተብሎ የሚመለስ መልስ አይደለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ትልቅ ቃል አንግባ። ትልቅ ቃል የገባ በሦስተኛው ቀን ይፈርሳል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ጥቂት ቢሆንም የሚዘወተረው መሆኑን አስተምረውናል። እኛ በመካከላችን የተስማማነው ይህንን ነው፦

አንደኛ፣ ፈጅር ሰግደን ፀሐይ እስክትወጣ ዳታ አይበራም። የቀኑ መጀመሪያ ለማን እንደተሰጠ ቀኑ ራሱ ይናገራል።

ሁለተኛ፣ ስልክ የምንተኛበት ክፍል ውስጥ አያድርም። «አላርም ነው የሚቀሰቅሰኝ» የሚል ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት ይግዛ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የተመራ ጥናት ስልካቸውን ሌላ ክፍል ትተው የተፈተኑ ሰዎች አጠገባቸው ካስቀመጡት የተሻለ ውጤት እንዳመጡ አሳይቷል፤ የስልኩ ድምፅ ጠፍቶም ቢሆን። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ሁሉ በዚህ ባይስማሙም እኛ በራሳችን ሞክረን አይተነዋል።

ሦስተኛ፣ ከስልክ ጥሪና ከቤተሰብ መልእክት በቀር ኖቲፊኬሽን ሁሉ ይዘጋ። እኛ ስንፈልግ እንገባለን እንጂ እነሱ ሲፈልጉ አይጠሩንም። ሙአዚን ሲጠራን ዘግይተን፣ ቲክቶክ ሲጠራን መሮጥ አያምርብንም።

አራተኛ፣ መስጊድ ስንሄድ ስልኩ ቤት ይቅር። የጸጥታው ነገር የሚያሳስበው፣ እናቱ «የት ደረስክ» ብላ የምትደውልለት ሰው ይያዘው፤ ዳታውን ግን ያጥፋ።

አምስተኛ፣ በቀን አንድ ሰዓት ሁለት ሦስት ሆነን እንቀመጥ። ስልኮቹ በአንድ ፌስታል ገብተው ጥግ ይቀመጡ። የሚያጠና ያጥና፤ የሚቀራ ይቅራ፤ የሚያወራ ያውራ። ብቻውን የሚታገል ሰው ይሸነፋል። እህቶችም በየቤታችሁ ይህንኑ አድርጉ፤ የቤት ሥራው በእናንተ ላይ ስለሚበዛ ያቺ የቀረቻችሁ ሰዓት የበለጠ ውድ ናት።

ስድስተኛ፣ ጁምዓ ጁምዓ ስልካችን ላይ የሳምንቱን ሰዓት አይተን ወረቀት ላይ እንጻፍ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የወጡ አብዛኞቹ ስልኮች ቅንብራቸው ውስጥ ስንት ሰዓት እንደቆየን ያሳያሉ። የባሶ ነጋዴ ሚዛን ነበረው፤ የእኛም ሚዛን ይኸው። ቁጥሩ ያሳፍራል። ይሁን፤ ያፈረ ሰው ይመለሳል።

በመጨረሻም ውድ ወንድሞችና እህቶች! አንድ ቀን ዳታው እንደገና ሊጠፋ ይችላል፤ አላህ አያድርገው። ያን ጊዜ እንደገና ልባችን ተመለሰች ብለን ብንደሰት ልናፍር ይገባል። ልባችንን ለመመለስ ሀገር መጨነቅ የለበትም፤ እናት ልጇን ማጣት የለባትም። ዳታው ሞልቶ፣ ፓኬጁ ተገዝቶ፣ ስልኩ እጃችን ላይ እያለ «አሁን አይደለም» ማለት እንችላለን። ረመዳን ላይ ውኃ ፊታችን ተቀምጦ አዛን የምንጠብቅ ሰዎች ነን፤ ይህ ያቅተናል ወይ?

ይህንን ጽሑፍ ለጓደኛችሁ ለማካፈል አትቸኩሉ። ነገ በአካል ስታገኙት ንገሩት። አሁን ግን ስልኩን አስቀምጡና ቤት ውስጥ ያለውን ሰው አናግሩ።

አላህ ልባችንን ይሰብስብልን፤ ዕድሜያችንን በረካ ያድርግልን፤ ለሀገራችን ሰላም ያውርድልን። ወቢላሂ ተውፊቅ።